ድምፅ የሚሰጥበት ቀን፦ የካርቱም የፓርቲ ጥምረቶች፣ የመተማመኛ ድምፅና የመተማ ድንበር



 በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ እ.ኤ.አ. ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሬን ከ1948 ዓ.ም. ጥቅምት ልጀምር። በዚያ ወር በ24ኛው ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓላቸውን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት አወጁ። ሕገ መንግሥቱ በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አቋቋመ። ሚኒስትሮችን መሾምና መሻር ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ሆኖ ቀጠለ፤ ሚኒስትሮቹም በኃላፊነት የሚጠየቁት ለእርሳቸውና ለመንግሥቱ ነበር። የምክር ቤቱ አባላት ካቢኔን በድምፅ የሚጥሉበት መንገድ አልነበረም። ከስድስት ቀን በኋላ በካርቱም ፍጹም ሌላ ነገር ሆነ። ነፃነቷን ልታውጅ ሁለት ወር ያህል የቀራት የሱዳን ፓርላማ የጠቅላይ ሚኒስትር እስማኤል አል-አዝሃሪን በጀት 49 ለ45 በሆነ ድምፅ ጣለ። አል-አዝሃሪ ሥልጣን ለቀቁ፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ያው ፓርላማ 48 ለ46 በሆነ ድምፅ መልሶ መረጣቸው።

በእነዚህ ሁለት ሥርዓቶች መካከል ያለው ድንበር መተማ ላይ እጅግ ጠባብ ነው። በወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ በወዲያ ገላባት፤ መካከላቸው በበጋ የሚደርቅ የወንዝ መውረጃ። በወዲህ በኩል መንግሥት የሚለወጠው በዘውዱ ፈቃድ ነበር፤ በወዲያ በኩል፣ ቢያንስ ለተወሰኑ ዓመታት፣ እጅ በማውጣት። ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ በካርቱም ከመተማመኛ ድምፅ በፊት የሚደረገው የፓርቲዎች ድርድር ምን ይመስል ነበር? የድርድሩ መጨረሻስ በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቆላ ለሚያርሰው ሰው ምን ትርጉም ነበረው?

በተለምዶ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። የሱዳን ፓርቲዎች እርስ በርሳቸው ሲጠላለፉ ፓርላማውን አዳከሙት፣ ወታደሩም ባዶውን ቦታ ያዘ ይባላል። ይህ መልስ በከፊል እውነት አለው። እኔ የማቀርበው ግን የተለየ አስተያየት ነው። የቀኖቹን ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ስንመለከት፣ ሥርዓቱን ያፈረሰው የመተማመኛው ድምፅ ሆኖ አናገኘውም። ሥርዓቱን ያፈረሰው ከድምፁ ለማምለጥ የተደረገው ሙከራ ነው።

በመጀመሪያ ተዋናዮቹን እናስተዋውቅ። የሱዳን ፓርቲዎች ከሁለት ታላላቅ ሃይማኖታዊ ቤቶች ጥላ ሥር የወጡ ነበሩ። አንዱ የመሕዲ ተከታዮች የሆኑት አንሳሮች ቤት ሲሆን፣ በሰይድ አብዱራህማን አል-መሕዲ ደጋፊነት የኡማ ፓርቲን አቁሟል። ሁለተኛው በሰይድ ዓሊ አል-ሚርጋኒ የሚመራው የኸትሚያ ጠሪቃ ነው፤ መሠረቱም በሰሜንና በምሥራቅ ሱዳን፣ በተለይም ገላባት በምትገኝበት በከሰላ አውራጃ ጠንካራ ነበር። የአል-አዝሃሪ ፓርቲ፣ ማለትም ከግብጽ ጋር አንድነትን በመስበክ የተነሣው ብሔራዊ የአንድነት ፓርቲ፣ መጀመሪያ ያሸነፈው በኸትሚያ ቤት ድጋፍ ነበር።

ለእኛ ይህ ስም ዝርዝር እንግዳ አይደለም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ የወደቁት ከመሕዲ ተተኪ ከኸሊፋ አብዱላሂ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። በአባቶቻችን አንደበት ድርቡሽ የሚባለው ኃይል የልጅ ልጆች፣ ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላ በካርቱም ፓርላማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፅ ይቆጥሩ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አል-መሕዲ ቅድመ አያት ራሱ መሕዲ ነው።

እንግዲህ ወደ 1948ቱ ድምፅ እንመለስ። አል-አዝሃሪ በጀታቸው የወደቀው የተቃዋሚው ወገን በድንገት ስለበዛ አይደለም። ከሰይድ ዓሊ አል-ሚርጋኒ ጥላ ለመውጣት መሞከራቸው ከራሳቸው ወገን ሰዎች እንዲሸሹ አደረገ። የወደቁት በአራት ድምፅ ልዩነት ነው፤ የተመለሱት ደግሞ በሁለት። በዚህ መጠን ጠባብ በሆነ ብልጫ የሚቆም ጠቅላይ ሚኒስትር እያንዳንዱን የምክር ቤት አባል በስም ማወቅ፣ የእያንዳንዱን ቅሬታ መስማት ግድ ይሆንበታል። በ1948 ክረምት ኸትሚያዎች ተለይተው ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን ሲያቋቁሙና ከነባር ባላንጣቸው ከኡማ ጋር ሲስማሙ፣ አል-አዝሃሪ ብልጫቸውን አጡ። የኡማው አብደላ ኸሊል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱን ቤቶች ያገናኛቸው የጋራ ዓላማ አልነበረም፤ አል-አዝሃሪን ማውረድ ነበር። ስለዚህም ጥምረቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ስንጥቁን ይዞ ሄደ፤ ዋናው መለያያም የግብጽ ጉዳይ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኡማ ከ173 መቀመጫዎች 63ቱን አገኘ። ይህ የአንደኛነት ቦታ ቢሆንም ብቻውን መንግሥት አያቆምም። በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይነጋገር ነበር፦ ኡማ ከአል-አዝሃሪ ጋር፣ አል-አዝሃሪ ከኸትሚያ ሰዎች ጋር፣ ከፊሎቹም ከካይሮ ጋር። ፓርላማው ከዕረፍት ተመልሶ የሚከፈተው ኅዳር 8 ቀን ነበር። በዚያ ቀን አብደላ ኸሊል ብልጫቸው ይኑር አይኑር ይታወቅ ነበር። አልታወቀም። በዚያው ዕለት ማለዳ ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ያዙ። ራሳቸው የቀድሞ መኮንን የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ለጦሩ በር እንደከፈቱ የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ይስማማሉ። ልብ በሉ፤ መንግሥቱ በድምፅ ተሸንፎ አልወደቀም። ድምፁ እንዳይሰጥ ተደረገ፤ ዋጋውም ስድስት ዓመት ወታደራዊ አገዛዝ ሆነ።

የጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሕዝባዊ ዐመፅ አቡድን ካወረደ በኋላ ፓርላማው ተመለሰ። ከምርጫው በኋላ ኡማና የአል-አዝሃሪ ፓርቲ ተጣመሩ። የኡማው መሐመድ አሕመድ መሕጁብ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አል-አዝሃሪ ደግሞ የላዕላይ ምክር ቤቱ ቋሚ ሊቀመንበር ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሦስት ደረጃ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ደረጃ የኡማ ፓርቲ ለሁለት መከፈል ነው። አንሳሮችን በሃይማኖት የሚመሩት ኢማም አል-ሃዲ አል-መሕዲ ነበሩ፤ ፓርቲውን የሚመራው ወጣቱ የወንድማቸው ልጅ ሳዲቅ። ሳዲቅ የምክር ቤት አባል ለመሆን የሚያስፈልገውን የ30 ዓመት ዕድሜ ሲሞላ አንድ አባል መቀመጫውን ለቀቀለት። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በመሕጁብ ላይ እምነት ማጣቱን በድምፅ ገለጸና ሳዲቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። መሕጁብ በሥልጣን የቆዩት 13 ወር ያህል ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የጥምረቱ መገልበጥ ነው። ሳዲቅ የቆመው በራሱ የኡማ ክንፍና በአል-አዝሃሪ ፓርቲ ድጋፍ ነበር። ሆኖም ገና ሊረቀቅ የታሰበው ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ይፈጥራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አል-አዝሃሪ ያንን ወንበር ይሹት ነበር፤ ኢማም አል-ሃዲም እንዲሁ። ጠንካራ ወጣት ጠቅላይ ሚኒስትር ለሁለቱም አይመችም። አል-አዝሃሪ ድጋፋቸውን አንሥተው ለኢማሙ ክንፍ አዞሩ። በግንቦት 1959 ዓ.ም. የሳዲቅ መንግሥት 111 ለ93 በሆነ ድምፅ ወደቀ፤ መሕጁብም ተመለሱ። ሳዲቅ በሥልጣን የቆየው ለአሥር ወር ያህል ነው። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ እየሠራ ነበር። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ተነሣ፤ ጥይት ግን አልተተኮሰም፣ ሁለቱም ተሸናፊዎች ወደ ተቃዋሚ ወንበር ሄደው ተቀመጡ።

ሦስተኛው ደረጃ ግን ሌላ ነው። በ1960 ዓ.ም. ጥር ወር ሳዲቅ በተራው መሕጁብን ለመጣል ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። የመተማመኛው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ላዕላይ ምክር ቤቱ ፓርላማውን በተነው። የተበተኑት የሳዲቅ ወገን አባላት ከሕንፃው ውጭ በዛፍ ሥር ተሰብስበው ስብሰባቸውን ቀጠሉ። በተከተለው ምርጫ አል-አዝሃሪና ኸትሚያዎች ባዋሐዱት ዴሞክራሲያዊ የአንድነት ፓርቲ ሲያሸንፉ፣ ሁለቱ የኡማ ክንፎች ተከፋፍለው ተሸነፉ፤ ሳዲቅም የራሱን መቀመጫ አጣ። ነገር ግን ፓርላማ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሊበተን እንደሚችል ሁሉም አይቷል። ከዓመት ጥቂት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል ጃዕፈር ኒሜሪ መንግሥት ሲገለብጥ ለፓርላማው የሚሟገት ብዙ ሰው አልተገኘም።

አሁን ከካርቱም ወደ ድንበሩ እንምጣ። የድንበሩ መሠረት ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል ነው። መሬት ላይ ምልክት ያኖረው በ1895 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሜጀር ጉዊን ሲሆን፣ ሥራውን ያካሄደው የኢትዮጵያ ተወካዮች በሌሉበት ነበር። ለስድሳ ዓመት ያህል ይህ ጉድለት የጎላ ችግር አላስከተለም፤ ቆላው ሰፊ፣ አራሹ ጥቂት ነበርና። ነገሩን የለወጠው ሰሊጥና ማሽላ ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው የትራክተር እርሻ ወደ ምሥራቅ ገፋ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ከሰቲት ሁመራ እስከ መተማ ባለው የኢትዮጵያ ቆላ የሰሊጥ እርሻ እየበረታ ሄደ። ሁለቱ እርሻዎች በጉዊን መስመር ላይ ተገናኙ። የኤርትራ ጉዳይም ታከለበት። ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለማስጠጋት ይስማማሉ፤ ስምምነቱም ብዙ ሳይቆይ ይላላል። በ1959 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ሳዲቅ ሊወድቅ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ የመጀመሪያው ታላቅ የኤርትራ ስደተኞች ጎርፍ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ።

የድንበሩ ጉዳይ ከእነዚህ ድምፆች አንዱንም አስከትሏል እያልሁ አይደለም። የምለው ስለ ጊዜና ስለ ብልጫ ነው። የድንበር ድርድር ዓመታት ይፈልጋል፤ ከባለርስቱም ከነጋዴውም መነጋገርን ይጠይቃል። በ13 ወርና በ10 ወር የሚለዋወጥ መንግሥት ይህን አይጨርስም። በጥቂት ድምፅ ብልጫ የቆመ ጠቅላይ ሚኒስትርም መሬት አሳልፎ ሰጠ የሚለውን ክስ ሊሸከም አይችልም፤ ያንን ክስ የሚጠብቅ የጥምረት ተጓዳኝ ምንጊዜም አጠገቡ አለ። ስለዚህ የመተማው ገበሬ በማያውቀው ከተማ የሚደረግ የድምፅ ቆጠራ የእርሻውን ጉዳይ ከዓመት ዓመት ያሳድር ነበር።

በዚያው ዘመን በወዲህ በኩልስ ምን ነበር? መተማ በቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በጭልጋ አውራጃ ውስጥ ትተዳደር ነበር። የአካባቢው ሕዝብ በየአራት ዓመቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን ይመርጣል፤ ነገር ግን ፓርቲ አልነበረም፤ ፓርቲ ከሌለ ጥምረት የለም። በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ የካቢኔ አባሎቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲፈቅዱ ይህ እንደ ታላቅ እርምጃ ተቆጥሮ ነበር። ሆኖም ምክር ቤቱ ካቢኔውን የሚያጸድቅበትም የሚጥልበትም ድምፅ አልተሰጠውም። የአክሊሉ ካቢኔ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሲወድቅ የጣለው የሠራዊቱና የከተማው ሕዝብ እንቅስቃሴ እንጂ የእንደራሴዎች ድምፅ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ የሚያደርገው ረቂቅ ሕገ መንግሥት በዚያው ዓመት ነሐሴ ሲቀርብ፣ ዘውዱ ሊወርድ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች መካከል ነው እንግዲህ የድንበሩ ስምምነት የተፈጠረው። ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶክተር ምናሴ ኃይሌና የሱዳኑ አቻቸው ዶክተር መንሱር ኻሊድ በአዲስ አበባ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ከወራት በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ሸምጋይነት የደቡብ ሱዳን ጦርነት በአዲስ አበባው ስምምነት ቆሞ ስለነበር፣ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት መልካም ነበር። የደብዳቤው ልውውጥ የጉዊንን መስመር ለድንበሩ መሠረት አድርጎ ተቀበለ። በመስመሩ ወዲያና ወዲህ የሰፈሩና የሚያርሱ ሰዎች ጉዳይም በልዩ ኮሚቴ እስኪታይ ድረስ ነባሩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ተስማማ። በይዘቱ ብልህነት ያለው ሰነድ ነው።

ግን ማን አጸደቀው? በካርቱም በዚያ ሐምሌ የተቀመጠ ፓርላማ አልነበረም፤ ኒሜሪ የቀድሞውን አፍርሶ አዲሱን ገና አልሰበሰበም። በአዲስ አበባ ደግሞ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የግዛት ለውጥ የሚያስከትል ውል በሁለቱ ምክር ቤቶች ሳይጸድቅ እንደማይጸና ይደነግጋል። የደብዳቤው ልውውጥ በዚህ መንገድ አላለፈም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ በኩል ዋና መከራከሪያ ነው። በሱዳን በኩል ደግሞ መስመሩ ከ1894ቱ ውል የመጣ ስለሆነ አዲስ የግዛት ለውጥ የለም ይባላል። የትኛው ክርክር በሕግ እንደሚጸና ለሕግ ባልደረቦቼ እተዋለሁ። እንደ ታሪክ ተማሪ የምታዘበው አንድ ነገር ነው፦ የድምፅ ቆጠራ ለዓመታት ያጓተተው ጉዳይ፣ የድምፅ ቆጠራ በሌለበት ጊዜ በፍጥነት ተፈረመ። በፍጥነት የተፈረመውም ሰነድ በየትኛውም ወገን «ይህን እኔ ተከራክሬ አጽድቄዋለሁ» የሚል እንደራሴ አላገኘም። ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚያከራክረን ለዚህ ነው።

የተናገርሁት ነገር የአንድ ዘመን አጋጣሚ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ተከታይ ምሳሌዎች ልጨምር። በኅዳር 1981 ዓ.ም. የዴሞክራሲያዊ የአንድነት ፓርቲ መሪ መሐመድ ዑስማን አል-ሚርጋኒ ከደቡብ ሱዳን ነፃ አውጪ መሪ ከጆን ጋራንግ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ በምክር ቤቱ ድጋፍ ሲያጣ ፓርቲያቸው ከሳዲቅ ጥምር መንግሥት ወጣ። በመጋቢት አዲስ ጥምረት ተመሠረተና ስምምነቱን ተቀበለ። ሥራ ላይ ሊያውለው ሲዘጋጅ፣ ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ዑመር አል-በሺር ሥልጣን ያዘ። እዚህም መፈንቅለ መንግሥቱ የመጣው ጥምረቱ ሲበተን አይደለም፤ ተበትኖ እንደገና ተስማምቶ ውሳኔ ላይ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ እርሻዎች ገፍቶ ገባ። በዚያን ጊዜም ካርቱም በሽግግር ላይ ነበረች፤ ተስፋ የተሰጠበት የሕግ አውጪ ምክር ቤት አልተቋቋመም። ስለ ጦሩ እርምጃ ጥያቄ የሚያቀርብ አንድም እንደራሴ አልነበረም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሕግ ልመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60 ንዑስ አንቀጽ 2 ለጥምር መንግሥት መፍረስ ሥርዓት አበጅቷል። ጥምረቱ ፈርሶ መንግሥት በምክር ቤቱ የነበረውን ብልጫ ካጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጥምር መንግሥት እንዲመሠርቱ ይጋብዛል፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። ይህ ድንጋጌ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። ጥምረትና ድርድር ስለሌለ ግን አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ውስጥ የአማራና የኦሮሞ ድርጅቶች መቀራረብ ጠቅላይ ሚኒስትር ወስኗል፤ አቶ ደመቀ መኰንን ከዕጩነት ወጡ፣ በግንባሩ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ከ169 ድምፅ 108ቱን አገኙ። ይህ እውነተኛ የድምፅ ፉክክር ነበር። ነገር ግን የተካሄደው በፓርቲ ምክር ቤት በዝግ በር ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቀናት በኋላ ውጤቱን አጸና። በካርቱም ድርድሩ ዝግ፣ ድምፁ ግልጽ ነበር፤ በእኛ ሁለቱም ዝግ ሆኑ። የመተማ መራጭ የላከው እንደራሴ ከየትኛው ወገን እንደቆመ ለማወቅ መንገድ አልነበረውም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የካርቱም ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በመተማ በር ገብተው በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። ከእነርሱ መካከል በ1978 ዓ.ም. ለፓርላማ ድምፅ የሰጡ ሽማግሌዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። የእነርሱን ትዝታ መሰብሰብ ለዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። ስትጠይቋቸው መንግሥታቱ ስንት ጊዜ እንደወደቁ ብቻ አትጠይቁ። ድምፅ ሊሰጥ በነበረባቸው ቀኖች፣ በ1951 ኅዳርና በ1960 ጥር፣ ምን ይጠብቁ እንደነበር፣ ድምፁ ሳይሰጥ ሲቀርም ምን እንዳሉ ጠይቋቸው። አል-አዝሃሪ ወድቀው በአምስት ቀን ተመልሰዋል፤ መሕጁብ ወድቀው በአሥር ወር ተመልሰዋል። ድምፁ ሳይሰጥ በቀረ ጊዜ ግን ፓርላማው ራሱ የተመለሰው አንዴ ከስድስት ዓመት፣ አንዴ ደግሞ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።